ግድግዳው 1189 ይላል

መነሻውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ለመጣው ንትርክ ሁሉ ተጠያቂው እኔው ነኝ።

ከአዲስ አበባ የመጣ የልጅነት ጓደኛዬን ይዤ ኖቲንግሃም ሄጄ ነበር። የከተማው ግንብ ከተቀመጠበት ቋጥኝ ሥር አንድ ነጭ የተቀባ ፐብ፣ ማለትም መጠጥ ቤት፣ አለ፤ ጀርባውን ለቋጥኙ ሰጥቶ የቆመ። ስሙ «ዪ ኦልድ ትሪፕ ቱ ጀሩሳሌም» ነው። ጥንታዊው የኢየሩሳሌም ጉዞ እንደማለት ነው። የከተማው ሰው ግን ባጭሩ «ትሪፕ» ይለዋል። ግድግዳው ላይ በጥቁር ጉልህ ፊደል 1189 ተብሎ ተጽፏል፤ ከእንግሊዝ አገር ማደሪያ ቤቶች ሁሉ ጥንታዊው እኔ ነኝ ይላል። ከበሩ ሲገቡ ተራ ቤት ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ ግን ግንብ የሚባል ነገር ያልቃል። ቋጥኙ ራሱ ተፈልፍሎ ነው ክፍል የሆነው።

ላይኛው ክፍል ተቀምጠን ሳለ ከጣሪያው ትንሽ የአሸዋ ብናኝ ጓደኛዬ ብርጭቆ ውስጥ ገባች። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ ከፍ አደረገ። አሸዋዋ ቀስ እያለች ስትወርድ ትንሽ አያትና፣ ይቺ የ1189 ናት ወይስ የዛሬ ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቤት ስገባ ጥያቄውን በአማርኛ የውይይት መድረካችን ላይ ለጠፍኩት። መድረኩ በአብዛኛው ውጭ አገር የምንኖር ሰዎች የምንሰባሰብበት ነው። የቪዛ ጉዳይ፣ የበርበሬ ጉዳይ፣ ለልጅ ስም የማውጣት ጉዳይ ይወራበታል። የኔ ጥያቄ አጭር ነበር። ይህ ቤት እውነት የ1189 ነው? ሠላሳ አንድ ምላሽ መጣ። የማንንም ስም አላነሳም፤ በቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ለጥያቄው አመስግኖ፣ እዚያው ከተማ ሁለት ዓመት እንደተማረ ነገረን። እሱ ነገሩን ያምናል። 1189 ሪቻርድ ልበ አንበሳው የነገሠበት ዓመት ነው። ፈረሰኞቹ ለሦስተኛው የመስቀል ጦርነት ወደ ኢየሩሳሌም ከመዝመታቸው በፊት ቋጥኙ ሥር ተሰብስበው ጠጥተው ሄዱ ይባላል። ዓመቱም ስሙም ይገጥማል፤ ስለዚህ ምን ያጠራጥራል ሲል ጨረሰ።

ቁጥር 2 ጨዋነት ላይ ጊዜ አያጠፋም። ሰላምታም አልሰጠም። ዓመቱ እንዲህ አምሮ መግጠሙ ራሱ ነው የሚያጠራጥረው አለ። ከ1189 የተረፈ ቤቱን የሚጠቅስ አንዲት ብጣሽ ወረቀት የለችም። አሁን የሚታየው ሕንጻ ከ1650 እስከ 1660 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ቤቱ በመጠጥ ቤትነት ሰነድ ላይ ብቅ የሚለው በ1751 ነው፤ ያኔም ስሙ «ፒልግሪም» ነበር፣ ተሳላሚው ማለት ነው። የኢየሩሳሌም ጉዞ የሚለው ስም የተገኘው በ1799 ነው። ግድግዳ ላይ ቀለም የቀባ ሁሉ ታሪክ ጸሐፊ ከሆነ፣ እሱም ነገ የቤቱ በር ላይ 1270 ብሎ እንደሚጽፍ ዛተ።

እኔ እዚህ ላይ የውይይቱ ክር ያለቀ መስሎኝ ነበር። የኛን ሰው ረስቼ ነው።

ቁጥር 3 መጣና 1189 በማን አቆጣጠር ነው ብሎ ጠየቀ። በፈረንጅ ከሆነ በኛ 1181 መሆኑ ነው፤ 1181 ደግሞ ላሊበላ የነገሠበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ይህ ነገር በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም አለ። ቁጥር 4 ወዲያው ደረሰበት። የላሊበላ 1181 የሚባለው ራሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና፣ አንዱን ወደ ኢትዮጵያ ቀይሮ ሌላውን ሳይቀይሩ ማጋጠም እንደማይቻል አስረዳ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። ሪቻርድ ዘውድ የጫነው ሴፕቴምበር 3 ቀን 1189 ነው፤ በዚያ ዘመን የነሱ አቆጣጠር ገና ስላልተሻሻለ ቀኑ በኛ መስከረም 6 ቀን 1182 ላይ ይውላል፤ ስለዚህ 1181ም ስህተት ነው አለ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አሰላሁት። ልክ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ መሆናቸው ይታወቅልኝ።

ላሊበላ ስሙ አንዴ ተነሳ፤ ከዚያ ማን ይመልሰዋል። ቁጥር 5 በጥሩ መንፈስ ነው የጻፈው። ሳላዲን ኢየሩሳሌምን የያዘው በ1187 ነው። በኛ ትውፊት ንጉሥ ላሊበላ ሕዝቡ እሩቅ ሄዶ እንዳይንገላታ ሁለተኛ ኢየሩሳሌም ከዓለት አስፈለፈለ ይባላል። እንግሊዞቹም በዚያው ዘመን ኢየሩሳሌም እያሉ ዓለት ውስጥ ተቀመጡ። አንድ ሐሳብ፣ ሁለት አገር ሲል ተገረመ።

ቁጥር 6 ተቆጣ። ቆጣ አለ አይደለም፤ ተቆጣ። ቅዱሱን ስፍራና የቢራ ቤትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ምን ዓይነት አስተዳደግ እንዳለው ጠየቀ። ቁጥር 5 ይቅርታ ጠየቀ። ቁጥር 7 በድቁና ያደገ ሰው ይመስላል፤ ቀስ ብሎ ገባ። የተነጻጸረው ቅድስናው ሳይሆን ድንጋዩ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ማንንም አያስቀይምም አለና አረጋጋቸው።

ድንጋይ ሲባል የነቃው ቁጥር 8 ነው። ሙያው የመሬት ጥናት እንደሆነ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ለኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ ምላሽ ይህ ነው። የላሊበላ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የወለደው ነው፤ ፈልፍሎ የጨረሰው ሰው ጉልበቱን ከፍሎበታል። የኖቲንግሃም ግን የአሸዋ ድንጋይ ነው። ለስላሳ ነው፤ በእጅ መሣሪያ ይቆረጣል፣ ግን ከተቆረጠ በኋላ አይናድም። ስለዚህ የከተማው ሰው ከጥንት ጀምሮ ክፍል ሲጠበው ወደ ታች ቆፈረ። ከከተማው ሥር ከ800 በላይ ሰው የፈለፈላቸው ዋሻዎች ይታወቃሉ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ አልፍሬድን ታሪክ የጻፈው የዌልሱ መነኩሴ አሰር ቦታውን በአገሩ ቋንቋ የዋሻዎች ቤት ብሎ ጠርቶታል። ሰው በዋሻዎቹ ውስጥ ኖሮባቸዋል፣ ቆዳ አልፍቶባቸዋል፣ ብቅል አብቅሎባቸዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከአውሮፕላን ቦምብ ተሸሽጎባቸዋል። ክረምት ከበጋ ቅዝቃዜያቸው ብዙም አይለዋወጥም፤ 14 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን ለመጠጥ ከዚህ የተሻለ ጓዳ ከየት ይመጣል? ጓደኛዬ ብርጭቆ ውስጥ የወደቀችውን አሸዋ በተመለከተም መልስ ሰጠ። ዕድሜዋ በ1189 አይለካም፤ ዳይኖሰሮች ብቅ ማለት ከጀመሩበት ዘመን አካባቢ ጀምሮ እዚያው ነበረች።

ቁጥር 9 ከዚያ ቀጠለ። ፐቡ ያለበት ሰፈር ስሙ «ብሩሃውስ ያርድ» ነው፤ የጠመቃ ቤቱ ግቢ እንደማለት። ግንቡ የተመሠረተው በ1068 በዊሊያም ድል አድራጊው ትእዛዝ ነው። ግንብ ውስጥ ደግሞ ወታደር አለ፤ ወታደር ይጠጣል። ዋሻዎቹ የግንቡ ጠመቃ ቤት ነበሩ የሚለው ግምት ከዚህ የመጣ ነው። ስለ ሪቻርድም አንድ ነገር አከለ። ሰውየው ኖቲንግሃም መምጣቱ እርግጥ ነው፣ ግን በ1194 ነው። ከመስቀል ጦርነቱና ከእስር ከተመለሰ በኋላ። የመጣውም ለመጠጣት አይደለም። የወንድሙ የጆን ሰዎች ግንቡን ይዘው እንቢ ስላሉት ሊከብባቸው ነው የመጣው። ቁጥር 2 ይህን አንብቦ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ አስቀመጠለት። ከሱ ይህ ትልቅ ሽልማት ነው።

ቁጥር 10 በዚያን ዘመን ውኃው መርዝ ስለነበር ሕፃን ሳይቀር ቢራ ነበር የሚጠጣው አለ። ይህን ወሬ ሁላችንም ሰምተነዋል። ቁጥር 11 አረመው። ሰዎቹ ውኃ ይጠጡ ነበር፤ ምንጭም ጉድጓድም ነበራቸው። ኤል የሚባለውን መጠጥ የወደዱት እንደ ምግብ ስለሚያጠግብ ነው። ቀጠን ያለ ነው፤ ቶሎ አያሰክርም። አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ጠላ ሲሰጡት የሚሰማውን አስቡ አለ።

ጠላ! ይህቺ ቃል ቁጥር 12ን ጠራቻቸው። ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የጻፉት፤ ማለት ልጃቸው ናት የምትጽፍላቸው፣ እሳቸው ይናገራሉ። ጎጃም ውስጥ ጠላ ቤት ነው ያደጉት። ሁላችንንም ልጆቼ እያሉ ነው የሚጠሩን። እናንተ ስለ ንጉሡና ስለ ፈረሰኛው ታወራላችሁ፤ ማን ጠመቀላቸው ብለው ጠየቁ። ከዚያ እናታቸው እንዴት ይጠምቁ እንደነበር አወሩ። ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ጢሱ እንዳይወጣ አፉ መሬት ላይ ይደፋል፤ እሳቸው ሕፃን ሆነው ጢሱ በየት በኩል እንደሚሾልክ ያዩ ነበር። ጌሾው ይዘፈዘፋል። ብቅሉ ይገባል፤ ድፍድፉ ይጠነሰሳል። ጠላው ሲደርስ ታላቅ ወንድማቸው ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ደፍቶ ደጃፍ ላይ ይተክላል። ያ ነው ማስታወቂያው። መንገደኛው ከሩቅ አይቶ ይመጣል።

ቁጥር 13 በጣም ተደሰተ። እትዬ፣ የነሱም አንድ ነው ብሎ ጻፈላቸው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል የምትጠምቀው ሴት ነበረች፤ እቤቷ፣ በራሷ ድስት። አዲስ ስትጠምቅ ረዥም እንጨት ጫፍ ላይ ቅጠል አስራ ደጅ ታወጣለች። ያን አይቶ ጠጪው ይመጣል፤ የከተማው ቀማሽም ይመጣል። ቀማሹ ሹመኛ ነው፤ መጠጡ ደህና መሆኑንና ዋጋው ልክ መሆኑን ያያል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዳቦና የኤል ዋጋ ከእህል ዋጋ ጋር እንዲሄድ በሕግ ተወስኖ ነበር። ያ በእንጨት ላይ የታሰረ ቅጠል ነው ኋላ ፐቦቹ ደጃፍ ላይ የምናየው ሥዕል ያለበት ሰሌዳ የሆነው። ጌሾ ግን አልነበራቸውም። የነሱ ጌሾ ሆፕስ ነው፤ ከባሕር ማዶ ከሆላንድና ከቤልጂየም በኩል የገባላቸውም ከ1400 ወዲህ ነው። እስከዚያ ድረስ ኤል ማለት ሆፕስ የሌለው ነበር፤ ቢራ ማለት ደግሞ ያለው። እማማ አንድ ቃል መለሱ፤ እንግዲያው 1189 ላይ የጠጡት ጠላ ሳይሆን ቅራሪ ነው አሉ። ልጃቸው የሳቅ ምልክት አክላበታለች።

እኔ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይገርመኛል። የዚያ ዘመን የፐብ ታሪክ ሲወራ ስሙ የሚነሳው የጠጣው ነው። የጠመቀችው ሴት ስሟ ጎልቶ የሚወጣው ቀማሹ ሲቀጣት ነው፤ የቅጣት መዝገብ ላይ።

ቁጥር 2 ትዕግሥቱ አለቀ። ስለ ጠላ ሌላ ክር ክፈቱና ወደ ጥያቄው እንመለስ አለ። ይህ 14ኛው ምላሽ ነው፤ ግን ሰውዬውን እንደለመድኩት ቁጥር 2 እለዋለሁ። ትሪፕ ጥንታዊ ነኝ ይላል፤ እዚያው ከተማ ውስጥ ሌሎች ሁለት ፐቦችም ያንኑ ይላሉ፤ «ሳሉቴሽን» እና «ቤል»። ሦስቱም የእንግሊዝ ታላቅ ወንድም እኛ ነን ባዮች ናቸው። የቤል ጣውላ በእንጨት ቀለበት ቆጠራ ተመርምሮ 1420 አካባቢ ላይ ውሏል። የትሪፕ ሕንጻ ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ያንሳል። ታዲያ ማን ነው ታላቁ?

ቁጥር 15 ኖቲንግሃምን ትቶ ካርታውን ዘረጋው። ሴንት ኦልባንስ ውስጥ «ፋይቲንግ ኮክስ» የሚባል አለ፤ ተፋላሚዎቹ አውራ ዶሮዎች ማለት ነው። እሱ 793 ይላል። ስምንት ማዕዘን ያለው ቤት ነው፤ ጥንት የርግብ ቤት ነበር። ጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ለረዥም ጊዜ ጥንታዊው እሱ ነው ሲል ቆይቶ በ2000 ዘርፉን ጨርሶ ዘጋው። ስቶው ኦን ዘ ዎልድ ያለው «ፖርች ሃውስ» 947 ይላል። ሆሊዌል ያለው ደግሞ 560። ማንም ከማንም እየቀደመ ወደ ኋላ ይሮጣል። በጨረታ ላይ እንደ ተቀመጡ ነጋዴዎች ናቸው ሲል ተሳለቀ።

እዚህ ላይ ቁጥር 7፣ ያ ዲያቆን ያልኩት ሰው፣ ነገሩን ሌላ መንገድ አስያዘው። ዕድሜ የሚቆጠረው ከምን ነው ብሎ ጠየቀ። ከድንጋዩ? ከጣውላው? ከፈቃዱ? ከስሙ? በኛ አገር ደብር የሚቆጠረው ታቦቱ ከገባበት ቀን ነው። ሕንጻው ሦስት ጊዜ ቢቃጠልና ሦስት ጊዜ ቢሠራ ደብሩ ያው ደብር ነው። አክሱም ጽዮንን በግራኝ ጊዜ አቃጠሏት፤ በኋላ ፋሲለደስ አሠሩ። ማንም ግን አክሱም ጽዮን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናት አይልም። ታዲያ ዋሻው ውስጥ ከግንቡ ዘመን ጀምሮ ሲጠመቅ ከኖረ፣ ለነሱ 1189 ማለት ምን ነውር አለው?

ይህን ያልኩት እኔ ብሆን ብዬ ቀናሁ።

ቁጥር 6 ታቦት ከቢራ ጋር መነሳቱን አይቶ ተመልሶ መጣ። ዘንድሮ ጉድ ነው ብሎ ሄደ። ቁጥር 2 ግን ሐሳቡን ከልቡ ነው የያዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ የምትል ቃል ተጠቀመ። ታቦቱ ከቦታ ቦታ ቢሄድ ተከታትሎ የሚያውቀው ካህን አለ፤ መሐል ላይ አይጠፋም። እዚህ ግን በግንቡ ጠመቃ ቤትና በ1751ዱ ፐብ መሐል ክሩ ተበጥሷል። ጠመቃ ቤት መሆን አንድ ነገር ነው፤ መንገደኛ ገብቶ ገንዘብ ከፍሎ የሚጠጣበት ቤት መሆን ሌላ ነው። ያልተበጠሰ ክር የሚያሳየኝ ካለ ቀለሙን እኔ ራሴ እገዛለሁ አለ። ቁጥር 7 ይህን ተቀበለ። ሁለቱ ከዚያ በኋላ ሲነጋገሩ የድሮ ወዳጅ ይመስላሉ።

ቀጥሎ የመጡት ቀላል ናቸው። አንዱ «ዪ ኦልድ» የሚለውን አነሳ። ያቺ «ዪ» ጥንት ዪ አልነበረችም። እንግሊዞች ለ«ዘ» ድምፅ የራሳቸው ፊደል ነበራቸው፤ ፊደሏ በእጅ ጽሑፍ ዋይን እየመሰለች ሄደች፤ የማተሚያ ቤት ሰዎች ደግሞ የሷ ቅርጽ ሲያጡ ዋይ አስቀመጡ። ዛሬ ዪ እያለ የሚያነብ ሁሉ የማተሚያ ቤት ችግርን ነው የሚያነበው። ያረጁ ለመምሰል የሚፈልጉ ሱቆችም ኋላ ለጠፉት። ይህን ተከትሎ ሦስት ሰው ስለ ሀ፣ ሐ እና ኀ መጨቃጨቅ ጀመረ። አውቃለሁ፤ እኔም የምወደው ርዕስ ነው። ግን እባካችሁ አልኩ።

ሌላው ስለ መርከቧ አወራ። ላይኛው ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች የድሮ ሞዴል መርከብ አለች። አቧራዋ የስንት ዓመት እንደሆነ እንጃ፣ ሸራዋ በአቧራና በሸረሪት ድር ተጀቡኖ ሱፍ መስሏል። የጸዳች እንደሆነ ያጸዳት ሰው ይሞታል ይባላል፤ ሦስት ሰው ሞተ ብለው ነው የሚተርኩት። ስለዚህ ማንም አይነካትም። እኔም ጓደኛዬም ፊታችንን መስታወቱ ላይ ለጥፈን አይተናታል። ቁጥር 18 የኔ እናት ቢሆኑ ቅዳሜ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ወልውለዋት፣ እርግማኑንም አብረው ያስወጡት ነበር አለ። ቁጥር 19 ከጎኗ ስላለችው ወንበር አስታወሰ፤ የተቀመጠችባት ሴት ታረግዛለች ትባላለች። ይህን ተከትሎ የመጣውን ቀልድ አልጽፈውም። አወያዩም ሁለቱን አጥፍቷቸዋል።

ቁጥር 20 የሞርቲመርን ነገር ይዞ መጣ። ታሪክ ሲተርክ ጎበዝ ነው። ዓመቱ 1330 ነው። ኤድዋርድ ሣልሳዊ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ዘውዱ እሱ ራስ ላይ ነው፣ አገሩን የሚገዛው ግን የእናቱ ወዳጅ ሮጀር ሞርቲመር ነው። ጥቅምት 19 ቀን ሌሊት የንጉሡ ታማኞች በቋጥኙ ውስጥ ባለ ስውር መንገድ ወደ ግንቡ ወጡ። ሞርቲመርን ያዙት። ከስድስት ሳምንት በኋላ ለንደን ታይበርን ላይ ተሰቀለ። ዛሬ ያ የዋሻ መተላለፊያ የሞርቲመር ጉድጓድ ይባላል፤ ታችኛው አፉ ከፐቡ ብዙም አይርቅም። ቁጥር 21 ሁለት ነገር አረመ። አንደኛ ጥቅምት ሲል በፈረንጅ ኦክቶበር ማለቱ ነው፤ ይህ ክር ከቀን መቁጠሪያ የሚድን አይመስልም። ሁለተኛ ዛሬ ለጎብኚ የሚታየው ዋሻ ያኔ የወጡበት ራሱ መሆኑ አከራካሪ ነው።

ቁጥር 22 ግንቡንም አታምኑት ብሎ ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰብን። የሪቻርድና የሞርቲመር ግንብ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ በ1651 ፈርሷል። በቦታው አንድ መስፍን መኖሪያ ቤት ሠራበት፤ እሱንም በ1831 የምርጫ ሕግ ይሻሻል ያሉ ሰልፈኞች አቃጠሉት። አሁን ያለው ኋላ ታድሶ ሙዚየም የሆነው ነው። ግንብ አያለሁ ብሎ የመጣ ቱሪስት ሣጥን የመሰለ ቤት አይቶ ይመለሳል። ቁጥር 2 እንግዲህ አለ። አንድ ቃል ብቻ።

ከዚያ ቁጥር 24 መጣ፤ ነገሩ መረረ። የራሳችንን ታሪክ ሳናውቅ ስለ ፈረንጅ ቡና ቤት ስንጨቃጨቅ እንደምናሳፍር ጻፈ። የሚጠጣም የሚያስጠጣም እንደሚኮነን አከለ። ለጠያቂው፣ ማለትም ለኔ፣ ሥራ ፈት የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ዘለለበት። ጥሩ አልነበረም፤ እኔም የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ማታ ላይ አጥፍቻለሁ።

ያረጋጋው ቁጥር 25 ነው። ጠጪ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ተናገረ። ከብዙ ዓመት በፊት ጥገኝነት ጠይቆ ሲመጣ ኖቲንግሃም ነው የተመደበው። መሥራት አይፈቀድለትም። ቤቱ ብርድ ነው። የሰፈሩ ሽማግሌ ጎረቤቱ አንድ ቀን ፐብ ይዘውት ሄዱ። ኮካ አዘዙለት። ማክሰኞ ማክሰኞ የጥያቄና መልስ ውድድር አለ፤ እሱ ስለ አፍሪካና ስለ ኳስ የሚጠየቀውን ይመልሳል፣ እሳቸው ስለ ንጉሣውያን ቤተሰብ። እንግሊዝኛ የለመደው እዚያ ነው። ሽማግሌው ሲሞቱ ያ ወንበር ሦስት ሳምንት ባዶውን ተቀመጠ፤ ማንም አልተቀመጠበትም። ቁጥር 24 ለዚህ አልመለሰም።

ቁጥር 26 እንዲህ ያሉ ቤቶች እያለቁ መሆኑን አስታወሰ። በ2000 በመላ ብሪታንያ ከ60 ሺህ በላይ ፐብ ነበር፤ አሁን 45 ሺህ አካባቢ ነው የቀረው። የሱፐርማርኬት ቢራ ረከሰ፣ ኪራይና ግብር ናረ፣ በእንግሊዝ ከ2007 ጀምሮ ውስጥ ማጨስ ተከለከለ፣ ኮቪድ ደግሞ ጨረሰው። ሌላ ነገርም አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጥይት ፋብሪካ ሠራተኛው ሰክሮ እንዳይውል ተብሎ ፐቦች ከሰዓት በኋላ እንዲዘጉ ተደረገ። ጦርነቱ አለቀ፤ ሕጉ ግን በእንግሊዝ እስከ 1988 ቆየ። ጊዜያዊ የሚባል ሕግ እዚያም እንደኛው ነው ማለት ነው።

ቁጥር 27 መኪና ማቆሚያ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 28 የጾም ምግብ ይገኛል ወይ አለ። ድንች ጥብስ አለ አልኩት፤ ዘይቱን ግን ጠይቅ።

ቁጥር 29 ስለ በሬው ጨዋታ ጻፈ። ግድግዳ ላይ የበሬ ቀንድ ተተክሏል። ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለ ቀለበት አለ፤ የበሬ አፍንጫ ላይ የሚደረገው ዓይነት። ቀለበቱን ወዝውዘህ ቀንዱ ላይ እንዲንጠለጠል ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል። ሰውዬው ዘዴውን ሲያስረዳ ቀጥታ እንዳትወረውር አለ። ወደ ጎን በክብ ላከው፤ ግድግዳውን ሊነካ ሲል ዞሮ ከላይ ቀንዱ ላይ ይቀመጣል።

ቁጥር 30 ስለ ስሙ ነው። የቤቱ ሰዎች ትሪፕ ማለት ድሮ ጉዞ ብቻ ሳይሆን በጉዞ መሐል ማረፍ ማለትም ነው ይላሉ። ጸሐፊዋ ለዚህ ማስረጃ አልጠየቀችም። አያቷን ነው ያስታወሰችው። አያቷ ሁለት በሬ አሽጠው ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ነበር። ስለ ጎልጎታ ሲጠየቁ ያለቅሳሉ። ስለ ዴር ሱልጣን መነኮሳት ሲጠየቁ ይቆጣሉ። ረዥም አድርገው የሚያወሩት ግን በመንገድ ላይ ስላረፉበት ቤት ነበር፤ ስለ ውኃው ቅዝቃዜ፣ እግራቸውን ስላጠበችላቸው ሴት።

የመጨረሻው፣ 31ኛው፣ ከቁጥር 2 ነው። ከሦስት ሳምንት ዝምታ በኋላ። ቅዳሜ ዕለት ልጁን ይዞ ኖቲንግሃም ሄዶ ነበር። 1189 አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ አስተናጋጇን ማስረጃ ጠይቋት ሥቃ አለፈችው። መርከቧን አይቷል። ዓለቱን በእጁ ዳስሶታል፤ ጣቱ ላይ አሸዋ ቀረ። ከዚያ ቁጥር 29 ባለው መሠረት ቀለበቱን ወደ ጎን በክብ እየላከ አሥራ ሰባት ጊዜ ሞከረ። አንድም አልገባም። የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ቀጥታ ወርውራ በሁለተኛው አስገባች። ሌላ ዘዴ የሚያውቅ ካለ እንዲነግረው ይጠይቃል፤ የፊታችን ወር ተመልሶ ይሄዳል።